በረዶ ውስጥ የገባ ሞገድ ጉልበቱ የት ይሄዳል?

ዘንባባ07

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ቪዲዮ አይቼ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። መርከብ ነው። ውጭ ባሕሩ ተቆጥቷል፤ ነፋስ፣ ነጭ አረፋ፣ መርከቡ ወዲያ ወዲህ ይናጣል። ከዚያ ስባሪ በረዶ የሸፈነው ቦታ ውስጥ ይገባል። ብዙም ሳይሄድ ጸጥ ይላል። አረፋ የለም፣ መናጥ የለም። ግን ልብ ብሎ ላየው በረዶው በሙሉ፣ እስከ አድማስ ድረስ፣ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በረዶው ሞገዱን የሚያስቆመው በክብደቱ ተጭኖ ነው? ያ ሁሉ ጉልበትስ የት ገባ? ጉልበት አይጠፋም ተብለን አይደል እንዴ የተማርነው?

ጥልቁ

በረዶ ከባድ ነው። ሲተኛበት ውሃው መነሳት ያቅተዋል። ይኸው ነው፤ ብዙ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

ሞገደኛው

ጥልቁ፣ እንደዚያ ቢቀል ጥሩ ነበር። የሚንሳፈፍ ነገር የገዛ ክብደቱን ያህል ውሃ ገፍቶ ነው የሚቆመው። የባሕር በረዶ እፍግታ ከባሕር ውሃ በ10 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ 1 ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ 90 ሴንቲሜትር ያህሉ ውሃ ውስጥ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ የሚሰማው ጫና በረዶው ቦታ ላይ ውሃ ቢኖር ከሚሰማው ጋር እኩል ነው። የተጨመረ ሸክም የለም። "ተጭኖ አስቆመው" የሚለው አያስኬድም።

ነገሩን ለመረዳት ከሞገዱ እንነሳ። ሞገድ ሲያልፍ ውሃው አብሮት አይሄድም። እያንዳንዷ የውሃ ቅንጣት ባለችበት ክብ ትሠራለች። ላይ ያለው ክብ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ በፍጥነት ይጠብባል። የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ወደ ታች ሲኬድ ከላይኛው እንቅስቃሴ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በታች ውሃው ላይ ሞገድ ስለመኖሩም አያውቅም።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ጥልቅ ውሃ ላይ የሞገድ ርዝመት ማወቅ ቀላል ነው። አንዱ አናት አልፎ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለውን ሰከንድ በራሱ ታባዛለህ፣ ውጤቱን በ1.56 ታባዛለህ። የ2 ሰከንድ ሞገድ 6 ሜትር ይሆናል። የ5 ሰከንዱ 39 ሜትር። የ10 ሰከንዱ 156 ሜትር። የ15 ሰከንዱ ከ350 ሜትር ይበልጣል።

የ2 ሰከንዱ ሞገድ መላ አካሉ 3 ሜትር ጥልቀት ውስጥ አለቀ። 1 ሜትር በረዶ ለሱ ከሰውነቱ ሲሶውን መያዝ ማለት ነው። የ10 ሰከንዱ ግን 78 ሜትር ድረስ ወደ ታች ይዘልቃል። ለሱ ያው በረዶ ቆዳ ነው። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ይኼ ነው፤ አጫጭሮቹ ጫፉ ላይ ቀሩ፣ ረጃጅሞቹ ገቡ። በረዶ ሞገድን በጅምላ አይገድልም። እየመረጠ ነው።

ሰማያዊት

ሞገደኛው ያላነሳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ውሃ ቅርጽ ሲቀየርበት አይቃወምም። ከፍ ያለውን ወደ ታች የሚመልሰው የመሬት ስበት ብቻ ነው። በረዶ ግን ጠጣር ነው፤ መታጠፍ አይወድም። ሳይሰበር የተዘረጋ የበረዶ ንጣፍ ሞገድ ሲመጣበት ይታጠፋል፣ ተመልሶ ለመቃናትም ይታገላል። ስለዚህ ከስበት ሌላ ሁለተኛ መላሽ ኃይል አለ ማለት ነው።

የተማሪ ማስመሪያ አስቡ። ረጅሙን በሁለት ጫፍ ይዛችሁ ብታጎብጡት ይታዘዛል። ከዚያው ማስመሪያ የተቆረጠች አጭር ቁራጭ ግን እምቢ ትላለች። የሞገዱ ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ የመታጠፍ እምቢታው ከስበት አንጻር 16 እጥፍ ያድጋል። ለዚህ ነው ንጣፉ ለረጅሙ እሺ፣ ለአጭሩ እንቢ የሚለው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል በ1886 በረዶን እንደ ቀጭን ተለጣጭ ሰሌዳ ወስዶ እኩልታውን ጽፎታል። ዛሬም ድረስ ብዙው ስሌት ከዚያ ነው የሚነሳው።

ጥልቁ

እሺ ሰማያዊት፣ እንግዲያው በረዶ ሞገዱን ያፈጥነዋል ማለትሽ ነው? መላሽ ኃይል ከጨመረ ፍጥነት ይጨምራል። እኔ ግን በረዶ ሞገድን ያዘገያል የሚል ነው ያነበብኩት። ሁለቱ አብረው እንዴት ይሆናሉ?

ሰማያዊት

አብረው ይሆናሉ። ጉዳዩ በረዶው ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

በረዶው ተሰባብሮ ትንንሽ ስባሪ ከሆነ የሚታጠፍ ነገር የለም። እያንዳንዱ ስባሪ እንደ ቡሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀላሉ ስሌት ስባሪው ከውሃው ጋር ክብ እየሠራ አይዞርም፣ ዝም ብሎ መነቅነቅ ያለበት ጓዝ ነው ብሎ ይወስደዋል። ሞገዱ ትንሽ ይዘገያል፣ ርዝመቱም ትንሽ ያጥራል። ለ10 ሰከንድ ሞገድና ለ1 ሜትር በረዶ ልዩነቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው። በዓይን አይታወቅም።

በረዶው ያልተሰበረ ንጣፍ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የበረዶውን ግትርነት 6 ጊጋፓስካል፣ ውፍረቱን 1 ሜትር ብዬ ሠራሁት። ውጭ 156 ሜትር የነበረው የ10 ሰከንድ ሞገድ ውስጥ 168 ሜትር ያህል ይሆናል። የ5 ሰከንዱ ነው የሚያስደንቀው። 39 ሜትር የነበረው ወደ 88 ሜትር ይለጠጣል። በዚያው 5 ሰከንድ ከእጥፍ በላይ መንገድ ሄደ ማለት ነው፤ ፍጥነቱም ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ስለዚህ አንተ ያነበብከውም እኔ ያልኩትም ልክ ነው። ሰዎች ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ስለ ስባሪ፣ ሌላው ስለ ንጣፍ እያወራ ነው።

ጠጠር

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው፤ ይቅርታ። የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ "ቀስ በል" የሚባለው ለዚህ ነው? እኔማ ቶሎ ሮጦ ማለፍ ይሻላል ብዬ ነበር የማስበው፤ በረዶው ለመሰበር ጊዜ እንዳያገኝ።

ሞገደኛው

ጠጠር፣ ከርዕሱ አልወጣህም። መኪናው በረዶውን ወደ ታች ያጎብጠዋል። ያ ጉብጠት ከመኪናው ጋር የሚሄድ ሞገድ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ረጅም ሞገድ የሚሄድበት ፍጥነት በጥልቀቱ ይወሰናል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 5 ሜትር ላይ 25 ገደማ። መኪናው ልክ በዚያ ፍጥነት ከሄደ ጉልበቱ ከሥሩ አምልጦ መሄድ አይችልም። እየተጠራቀመ ጉብጠቱን ያሰፋዋል። ቆሞ ቢሆን የሚሸከመውን መኪና በረዶው ሲሄድ ላይሸከመው ይችላል።

ሌኒንግራድ በተከበበችበት በ1941 እና 1942 ክረምት በላዶጋ ሐይቅ በረዶ ላይ መንገድ ተዘርግቶ ነበር። እዚያ ነው ይህ ነገር በደንብ የተለካው። አደገኛው ፍጥነት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሰሜን ካናዳ የበረዶ መንገዶች ላይ የጫነ ከባድ መኪና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ የሚደረገው፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በታች፣ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሮጦ ማለፍ የሚለው ሐሳብህ እንግዲህ ጥሩ ሐሳብ አይደለም :)

ዘንባባ07

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ሁለተኛው ጥያቄዬ ሜዳ ላይ ቀረ። ጉልበቱ የት ገባ?

ወጣሳ

እኔ ልሞክር። መልሱ ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱን መቀላቀል ነው ሰውን የሚያምታታው።

የመጀመሪያው መበተን ነው። ሞገዱ ስባሪው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ የሚበረታው የስባሪው ስፋት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ነው። ሞገዱ ከስባሪው እጅግ የሚረዝም ከሆነ ስባሪው አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይከለክለውም። በመበተን የጠፋ ጉልበት የለም። አቅጣጫው ተቀየረ እንጂ እዚያው ባሕሩ ላይ ነው። ጥቂቱም ወደ መጣበት ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው በረዶው ውስጥ ርቀው ሲሄዱ ሞገዱ ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱን ትቶ ከየአቅጣጫው መምጣት የሚጀምረው።

ሁለተኛው እውነተኛው መክሰር ነው። በረዶው ሥር ውሃው ይፋተጋል፣ ይሽከረከራል። ስባሪዎቹ ይጋጫሉ። ውሃ ስባሪው ላይ ወጥቶ ይፈስሳል፤ ይህ በሙከራ ገንዳዎች ውስጥ በፕላስቲክ ሰሌዳ ሲሠራ በግልጽ ይታያል። ንጣፉም ሲታጠፍና ሲቃና ጥቂት ጉልበት በውስጡ ይቀራል። ይህ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው።

"ታዲያ በረዶው ለምን አይቀልጥም?" የሚል ካለ ሒሳቡ ይኸው። ከስርጉዱ እስከ አናቱ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ባሕር ላይ 11,300 ጁል ገደማ ይይዛል። ያ ሁሉ በረዶ ለማቅለጥ ቢውል 34 ግራም ነው የሚያቀልጠው። ሞገዱ ግን ያለማቋረጥ ይመጣል፤ ስለዚህ በሰከንድ የሚገባውን እንይ። የ10 ሰከንድ ሞገድ ከሆነ በአንድ ሜትር የበረዶ ጠርዝ 88 ኪሎ ዋት ገደማ ይገባል። ብዙ ነው። ነገር ግን 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲሰራጭ በካሬ ሜትር 1 ዋት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ከምትሰጠው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ሞገድ በረዶን የሚጎዳው በሙቀት አይደለም። በመስበር ነው።

ጥልቁ

ይቺን የ34 ግራሟን ወደድኳት። ሲዳከምስ በምን ልክ ነው? በየኪሎ ሜትሩ እኩል ነው የሚቀንሰው?

ወጣሳ

እኩል አይደለም፤ በድርሻ ነው። ለምሳሌ በየ20 ኪሎ ሜትሩ ከፍታው በግማሽ የሚቀንስ ሞገድ ብናስብ (ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው)፣ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከ32 እጅ አንዱ ይቀራል። ቶሎ የሚደጋገም ሞገድ በጣም በፍጥነት ይከስራል። ባሕር ላይ በተደረጉ ልኬቶች የመዳከሙ መጠን ከድግግሞሹ ጋር ከካሬ እስከ አራተኛ ደረጃ ድረስ ያድጋል። ማለትም የ5 ሰከንድ ሞገድ ከ10 ሰከንዱ ከ4 እስከ 16 እጥፍ ፈጥኖ ይዳከማል። ከ4 እስከ 16 ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም በረዶው ከቦታ ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም።

የመርከብ ሰው

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሒሳቡን ለእናንተ ትቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ፤ በክረምት ባልቲክ ባሕር ላይ እንመላለስ ነበር።

በረዶ ሲጀምር ንጣፍ ሆኖ አይጀምርም። ነፋስ ካለ መጀመሪያ ውሃው ውስጥ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይንሳፈፋሉ። ይሰበሰቡና ላዩ ላይ ድፍድፍ ይሠራሉ። ከመርከቡ ላይ ሲታይ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ግራጫ ነው፣ አያብረቀርቅም። ነፋሱ እየነፈሰ ሳለ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ትንንሾቹ ሞገዶች ድርግም ይላሉ። ድንበሩ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ነው። አንድ ወገን ውሃው ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ወገን ለስላሳ ነው። ትልቁ ሞገድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁለቱን አቋርጦ ያልፋል።

ትንሽ ሲቆይ ድፍድፉ ክብ ክብ እየሆነ ይጠጥራል። ትንሹ የእጅ ክንድ አይሞላም፣ ትልቁ 3 ሜትር ይደርሳል። ሞገዱ እያጋጫቸው ጠርዛቸው ዙሪያውን ወደ ላይ ይነሳል። ተኝቼ ሳለሁ በብረቱ በኩል ሲፋጩ ይሰማኝ ነበር፤ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ነው።

ጥያቄዬ፦ ያ ድፍድፍ እኮ ግትር አይደለም፤ አይታጠፍም አይሰበርም። ታዲያ በምን ገደላቸው?

ሰማያዊት

ጋሼ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የነኩት። እዚያ የሚሠራው ዝልግልግነት ነው። ድፍድፉ እንደ ወፍራም ፈሳሽ ይቆጠራል። ሲንቀሳቀስ በውስጡ ይፋተጋል፤ ፍትጊያው ደግሞ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጠው ትንሽ ሞገድ ላይ ይበረታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ነፋስ ትልቅ ሞገድ የሚያበቅለው ከትንንሾቹ ጀምሮ ነው። ትንንሾቹ ከሞቱ ነፋሱ ውሃውን የሚጨብጥበት ሻካራ ነገር ያጣል። ስለዚህ ድፍድፉ ያለውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን አዲስ እንዳይወለድም ይከለክላል።

ክብ ክቦቹ ደግሞ ራሳቸው የሞገድ ሥራ ናቸው። ውሃው የረጋ ቢሆን በአንድ ለስላሳ ንጣፍ ነበር የሚቀዘቅዘው።

ዘንባባ07

ወጣሳ "በመስበር ነው" ብለህ ተውከው። ምን ያህል ሞገድ ነው 1 ሜትር በረዶ የሚሰብረው? 5 ሜትር? 10 ሜትር?

ሞገደኛው

ወጣሳ እስኪመጣ እኔ ልመልስ፤ ይህን ሒሳብ እወደዋለሁ።

ንጣፍ ሲጎብጥ ላይኛው ፊቱ ይለጠጣል፣ ታችኛው ይጨመቃል። የባሕር በረዶ ብዙ መለጠጥ አይችልም። ከርዝመቱ ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ ከተለጠጠ ይሰነጠቃል። ለስሌቱ ከመቶ ሺህ 5 እንበል። 1 ሜትር ውፍረት፣ 10 ሰከንድ ሞገድ። መልሱ ከረጋው ደረጃ ወደ ላይ 6 ሴንቲሜትር፣ ወደ ታችም 6 ሴንቲሜትር አካባቢ ይወጣል።

አዎ፣ ሴንቲሜትር ነው ያልኩት። መርከብ ላይ ሆነህ የማታስተውለው ንቅናቄ አንድ ሜትር በረዶ ለመሰንጠቅ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ከሩቅ ማዕበል የመጣ፣ ላዩ ጸጥ ያለ፣ ረጅም ሞገድ የሚፈራው። ነፋስ በሌለበት ቀን ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ሰፊ ንጣፍ ሊበታትን ይችላል።

መሰባበሩ ግን ማለቂያ አለው። ስባሪዎቹ ከሞገዱ ርዝመት በጣም ሲያንሱ መታጠፍ ትተው መንሳፈፍ ብቻ ይሆናል ሥራቸው። ያኔ ያ ሞገድ ከዚያ በታች አይሰብራቸውም።

ወጣሳ

መጣሁ። ሞገደኛው ጨርሶታል፤ አንድ ልጨምር። ንጣፉ ሲሰበር ሰማያዊት ያለችው ሁለተኛው መላሽ ኃይል ይጠፋል። እምቢ የሚለው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ቀጣዩ ሞገድ ደግሞ ራቅ ብሎ ይገባል። ሞገድ በረዶውን ይቀይራል፣ የተቀየረው በረዶ ሞገዱን ይቀይራል። ሒሳቡን የሚያከብደው ይህ ነው።

በ2012 አንታርክቲካ አካባቢ በረዶ ላይ መለኪያዎች ተቀምጠው ነበር፤ ውጤቱ በ2014 ታተመ። ከ3 ሜትር በላይ የሆኑ ሞገዶች ከተጠበቀው በታች ነበር የተዳከሙት፤ በድርሻ መቀነሱን ትተው በየኪሎ ሜትሩ እኩል ወደ መቀነስ ያዘነበሉ መሰሉ። ልኬቱን በሌላ መንገድ ያነበቡ አሉ፤ ክርክሩ ሞቅ ያለ ነው። እኔ ከተከራካሪዎቹ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ትልቅ ሞገድ የራሱን መንገድ እየሰበረ ይሄዳል ወደሚሉት አደላለሁ።

ጠጠር

እና አርክቲክ በረዶው እየሳሳ ነው ሲባል ሞገዱም ይጨምራል ማለት ነው?

ወጣሳ

ይጨምራል። ነፋስ ትልቅ ሞገድ ለመሥራት ረጅም ክፍት ውሃ ይፈልጋል። በመስከረም 2012 የአርክቲክ በረዶ ስፋት 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በሳተላይት መለካት ከጀመረ ወዲህ ትንሹ ነው። በዚያው ወቅት ቦፎርት ባሕር ላይ 5 ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ተለካ። ድሮ እዚያ ቦታ በረዶ ስለነበር ሞገድ የሚያድግበት ሜዳ አልነበረም።

ሰማያዊት

ስለ ረጅም ሞገድ ካነሳን የጃፓኑን ሱናሚ ሳንናገር አንለፍ። መጋቢት 2011 ነው። ሱናሚው ፓሲፊክን አቋርጦ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አንታርክቲካ ደረሰ፤ ሱልዝበርገር የሚባለው ከየብስ ወጥቶ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ የበረዶ መደርደሪያ ጋ። ሲደርስ ከፍታው 30 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በረዶው 80 ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ ለ46 ዓመት ንቅንቅ ያላለ ቦታ ነው። ከዚያ ተገምሶ የወጣው በድምሩ 125 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ጥልቁ

30 ሴንቲሜትር 80 ሜትሩን? ይሄ ነገር ከክብደት ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሁን ገባኝ። እንዴት ታወቀ ግን? እዚያ ማን ቆሞ አየው?

ሰማያዊት

ራዳር ሳተላይት ነው ያየው፤ ደመናና ጨለማ አይከለክለውም። በ2014 የወጣው ሴንቲኔል 1 ደግሞ ሞገዱን ራሱን በረዶው ውስጥ ሲጓዝ ያሳያል። የሚገርመው በረዶ ያለበት ምስል ከክፍት ባሕሩ የጠራ ነው። አጫጭሮቹ ረባሾች ጠርዝ ላይ ስለቀሩ ረጃጅሞቹ መስመር በመስመር ይታያሉ። ከ2018 ጀምሮ አይስሳት 2 በሌዘር ከፍታውን ይለካል።

የመርከብ ሰው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለችኝ። የሞገድ ትንበያ ካርታ ላይ በረዶ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ ዜሮ ነበር የሚያሳየን። እኛ ግን ገብተን መርከቡ ከፍ ዝቅ ሲል ነበር። ካርታው ነው የሚዋሸው?

ወጣሳ

አይዋሽም ጋሼ፤ አልተሰላም ነው። ቀላሉ የትንበያ ስልት በረዶው ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሸፍን ቦታውን እንደ የብስ ይቆጥረዋል። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ በስሌቱ ይጠፋል። ዌቭዋች 3 የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ፕሮግራም አሁን በረዶውን በተለያየ መንገድ ለማስላት አማራጮች አሉት፤ ዝልግልግ ነው፣ ተለጣጭ ነው፣ ይበትናል እያሉ መምረጥ ይቻላል። የትኛው እንደተመረጠ ካርታው ሥር ካልተጻፈ የሚሻለው ከበረዶው ጠርዝ ውጭ ያለውን ሞገድ ሰከንድ ማየት ነው። 5 ሰከንድ ከሆነ ገና እንደገቡ ይረጋል። 14 ወይም 15 ሰከንድ ከሆነ ግን ዜሮ ቢልም ይዛችሁት እንደምትገቡ ቁጠሩት።